ሞላውን ከማጠንከራችሁ በፊት

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹ፣ ሥራው፣ ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ኮምቦልቻም እንዳለች አለች፤ ሙቀቷም፣ የጭነት መኪና ሰልፏም። ይሄ ዝምታ ከማናችን እንደጀመረ ላስታውስ ብዬ ተውኩት። ኔትወርክ ጠፋ፣ የ2014ቱ ጦርነት መጣ፣ ከዚያ ሰው ስልክ ቁጥሩን ይቀይራል፣ ዓመት ዓመትን ይጎትታል። ከጋራዡ ዕቃ ግማሹ ሄዶ ነበር። አሁን ፕሬሱም ክሪኩም ተተክቷል፣ አብሽር።

እናትህን ደሴ ሰኞ ገበያ አግኝቻቸው ነበር። «ልጄ አሜሪካ ሄዶ መኪና ይሠራል ወይስ ያጋጫል?» አሉኝ። የላክኸውን የውድድር ቪዲዮ አይተውታል ማለት ነው። «ሁለቱንም ነው እማማ» አልኳቸው። ስቀው መረቁኝ፣ ለአንተም ተርፏል።

የድምፅ መልእክትህን ከጋራዡ ልጆች ጋር ሻይ እየጠጣን ነው የሰማነው። ኦሃዮ ተቀምጠህ ቅዳሜ ማታ የአፈር ትራክ ላይ የሚሽቀዳደም መኪና ሥር ትተኛለህ! ድሮም ከቤት መኪና ይልቅ የሚንጫጫ ነገር ነበር የምትወደው። ወሬውን በሌላ ቀን እናወራዋለን፤ ወደ ጥያቄህ ልግባ። የመኪናው ባለቤት «ኩርባ ላይ በጣም ያዘነብላል፤ አራቱንም ሞላ እናጠንክር» ይላል። አንተ ደግሞ መወሰን አቅቶሃል።

እኔ ብሆን አላጠነክርም። ማዘንበሉን ብቻ አይቼማ በፍጹም።

መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሻገራል። ምን ያህል እንደሚሻገር የሚወስነው የመኪናው ክብደት፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት ያለው ከፍታ፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት፣ ከዚያ ኩርባው ምን ያህል በፍጥነት እንደተወሰደ ነው። ሞላ እዚህ ውስጥ ድርሻው ትንሽ ነው። የፈለግኸውን ያህል ጠንካራ ሞላ ብታስገባ መኪናው ቀጥ ብሎ ይታጠፋል እንጂ ክብደቱ ያው መሻገሩ አይቀርም። ማዘንበል በዓይን ይታያል፣ የክብደቱ መሻገር ግን አይታይም። ሰውዬው የሚታየውን ነው የከሰሰው።

የሞላ ሥራ ሌላ ነው። ከተሻገረው ክብደት ብዙውን የፊት ጎማ ይሸከም ወይስ የኋላ የሚለውን እሱ ይወስናል። የፊቶቹ ከጠነከሩ ቀኝ የፊት ጎማ ይጨናነቅና መኪናው መሪ አልሰማ ብሎ ወደ ውጭኛው አጥር ይሄዳል። የኋላዎቹ ከጠነከሩ ኋላው ይወጣል። አፈር ላይ ኋላው ትንሽ ቢወጣ ሾፌሩ ይወደዋል። ትንሽ ነው ያልኩት! አራቱንም ከነበሩበት በእኩል መቶኛ ብታጠነክሩ ይሄ ክፍፍል ያን ያህል አይለወጥም። የምታተርፉት የሚዘል መኪና ነው።

መዝለሉን እኛ እዚህ ጠግበነዋል። ከደላንታ በኩል እህል የሚያመጣ አይሱዙ ያለው ደንበኛ አለን። ከልክ በላይ እየጫነ ባሌስትራው፣ ያ ተደራራቢ ዝርግ ብረት የሆነው ሞላ፣ ሲሰግድበት «አንድ ጨምሩልኝ» አለ። ጨመርንለት። ተጭኖ ሲመጣ ሸጋ ነው። አንድ ቀን ባዶውን ሲመለስ በፒካፕ ከኋላው ነበርኩ። ደረጃ ደረጃ የሠራ ኮረኮንች ላይ ገባ። የኋላ ጎማዎቹ የጉብታዎቹን ጫፍ ብቻ ይረግጣሉ፣ መሀሉን አይነኩትም። አቧራው ራሱ ከጎማው ሥር ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው የሚወጣው። ከዚያ አንዲት ቀላል ኩርባ ላይ፣ ፍሬን እንኳ ሳይነካ፣ ኋላው ወደ ቦዩ ተንሸራተተ። ሾፌሩ ልምድ ስላለው መለሳት። አየር ላይ ያለ ጎማ መኪና አያዞርም፣ አያቆምም፣ አይገፋም። የእናንተም ትራክ ጉድጓድና ጉብታ እንዳለው በቪዲዮው አይቻለሁ።

ባሌስትራው ያው ነው፤ የተለወጠው ጭነቱ ነው። አንድ ሞላ የተሸከመው ክብደት ወደ ሩብ ቢወርድ የመወዛወዙ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «ጠንካራ ሞላ» «ለስላሳ ሞላ» ብሎ ነገር ለብቻው ትርጉም የለውም። የስንት ኪሎ መኪና? በየትኛው መሬት ላይ? እነዚህ ሳይመለሱ ሞላ አይገዛም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። «የፊቱ ሞላ 800፣ የኋላው 200 ተጽፎበታል፤ ተሳስተው ነው እንዴ?» ብለሃል። አልተሳሳቱም። 200 ማለት 200 ፓውንድ ብትጭንበት በአንድ ኢንች ይወርዳል ማለት ነው። በእኛ ሲመነዘር ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል። የፊቱ ሞላ ግን ጎማው ላይ አይደለም የተቀመጠው፣ ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዘው የታችኛው አርም መሀል አካባቢ ነው። ጎማው ሁለት ኢንች ሲነሳ ሞላው አንድ ኢንች ብቻ ይጨመቃል። የሚገፋው ጉልበትም ጎማው ዘንድ ሲደርስ በግማሽ ይቀንሳል። የግማሽ ግማሽ ሩብ ነው። ስለዚህ ያ 800 ጎማው የሚያውቀው 200 ብቻ ሆኖ ነው። የኋላው ደግሞ አክስሉ ላይ በቀጥታ ስለተቀመጠ ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲነሱ 200ው 200 ነው። ኩርባ ላይ ግን ሞላዎቹ ከጎማዎቹ ወደ ውስጥ ገባ ስለሚሉ ከዚያም ያነሰ ይሆናል። ይሄን እዚሁ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለሚማረው ለእህቴ ልጅ ነግሬው፣ በቀመር ሠርቶ ያንኑ አገኘ። ትንሽ ኮርቻለሁ፣ ምን ልደብቅህ።

ከዚህ የሚመጣው ቁም ነገር ይሄ ነው። ፊት ላይ 100 ብትጨምሩ ጎማው የሚያገኘው 25 ነው። ኋላ ላይ 25 ብትጨምሩ 25ቱም ከሞላ ጎደል ይደርሰዋል። «አራቱንም 100 100 እንጨምር» የሚል ሰው ፊቱን ነካክቶ ኋላውን ገደለው ማለት ነው።

መሬቱ ደግሞ በአንድ ማታ ውስጥ ይለዋወጣል ብለሃል። መጀመሪያ ውሃ ጠጥቶ ጎማ ይይዛል፣ ሲመሽ ደርቆ ጠቁሮ ያንሸራትታል። ሲይዝ ጠንከር ያለ ሞላ ይቻላል። ሲደርቅ ለስለስ ያለው ነው የሚያዋጣው፤ ጎማው መሬቱን ሳይለቅ ክብደቱን ቀስ ብሎ ይቀበላል። የሽልማቱ ውድድር የሚካሄደው መሬቱ ከደረቀ በኋላ ከሆነ ሞላ የምትመርጡት ለዚያ ነው እንጂ ለማሟሟቂያው አይደለም።

የላክህልኝን የኤልዶራን ፎቶ አየሁት። በእነሱ አቆጣጠር ከ1954 ጀምሮ ያለ፣ ግማሽ ማይል የሚዞር፣ ኩርባው 24 ዲግሪ የተዘነበለ ትራክ ነው። እንዲህ ያለ ኩርባ መኪናውን ወደ መሬት ይጫነዋል፣ ሞላውም ከሜዳው የበለጠ ይጨመቃል፣ ስለዚህ ጠንካራ ይፈልጋል። እዚያ ያሸነፈ ሰው የተጠቀመበትን ቁጥር ለእናንተ ጠፍጣፋ ትራክ እንዳትገለብጡ። የመኪናው ባለቤት የሞላውን ቁጥር ከየት እንዳመጣው ብትጠይቀው እዚያው አካባቢ የሚወጣ ይመስለኛል።

ሞላ ቆርጦ ዝቅ ማድረግ የሚባለውን ነገር እንዳትሞክሩት። እዚህም ይሠሩታል፣ «ለሰለሰ» ብለው ያስረክባሉ። የተቆረጠ ሞላ አይለሰልስም፣ ይጠነክራል። ስምንት ጥምዙ የሚሠራ ሞላ አንዱ ሲቆረጥ 14 በመቶ ያህል ይጠነክራል። የሽቦው ውፍረት ደግሞ የባሰ ነው፤ ከ12 ወደ 13 ሚሊ ሜትር ቢሄድ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ 38 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይሄን ልዩነት ዓይን አይለየውም። ከአሮጌ መኪና የወጣ ሞላ ስታገኙ በካሊፐር ለኩ፣ ከቻላችሁ ፕሬስ ላይ አድርጋችሁ መዝኑት። ሞላን በጋዝ አሙቆ ዝቅ ማድረግማ ጭራሽ ብረቱን መግደል ነው።

አሁን ከሁሉም የሚረሳው። አንድ እግሩ አጭር የሆነ ጠረጴዛ ታውቃለህ፤ ከአንዱ እግር ሥር ወረቀት ስታደርግ ያ እግርና ማዶ ለማዶ ያለው እግር ሸክሙን ይወስዱታል፣ የቀሩት ሁለቱ ይቀላቸዋል። መኪናም እንዲሁ ነው። አንድ ሞላ በሌላ ስትቀይሩ ያ ማዕዘን ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፣ የአራቱም ጎማ ሸክም ይፋለሳል። ከዚያ መኪናው ሲለወጥ «ሞላው ነው» ትላላችሁ፣ ከፍታው ይሆናል። ስለዚህ ሞላ በተቀየረ ቁጥር ከፍታውን ወደ ነበረበት መልሱ፣ ሾፌሩን አስቀምጣችሁ አራቱንም ጎማ ሚዛን ላይ አውጡ፣ ቁጥሩን ጻፉ። ሚዛን ከሌላችሁ ተዋሱ። ይሄን ሳያደርግ ሞላ የሚቀያይር ሰው ሎተሪ እየቆረጠ ነው።

እንግዲህ እኔን ከጠየቅኸኝ፣ አንተ እንዳልከው ሲመሽ ከኩርባ ሲወጣ ኋላው እየሸሸ ካስቸገረ፣ ፊቱን አትንኩት። ቀኝ የኋላውን ብቻ ከ200 ወደ 175 አውርዱት። ከፍታውን መልሱ፣ መዝኑ፣ ሩጡ። ሌላ ነገር በዚያው ማታ አትንኩ፤ የጎማ ነፋስም ቢሆን። መኪናው ትንሽ ይበልጥ ያዘነብላል፣ ሰውዬውም ይጮሃል። ሰዓቱን አሳየው። ኋላው አሁንም የሚሸሽ ከሆነ የሞላውን መወዛወዝ ወደሚያረጋጋው ወደ ሾኩ እንሄዳለን፤ ሞላና ሾክ ካልተስማሙ የቱም ቁጥር አይሠራም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ላክልኝ። የፊት ጎማውን አውልቅና የታችኛው አርም ከሻንሲው ከተያዘበት ቡሽ እስከ ሞላው መሀል ስንት እንደሆነ ለካ። ከዚያው ቡሽ እስከ ቦል ጆይንቱ፣ አርሙ በጎማው በኩል እስከሚያያዝበት ድረስ፣ ደግሞ ሌላ ልኬት ውሰድ። ሁለቱን ቁጥር በሚሊ ሜትር ጻፍልኝ። ግማሽ ያልኩት በግምት ነው፤ የእናንተው ግማሽ ካልሆነ ሒሳቡን እንደገና ሠርቼ እልክልሃለሁ። ሜትሩን አርሙ ላይ አድርገህ ፎቶ ብታነሳው ደግሞ ይበልጥ እወዳለሁ፣ ልጆቹም ማየት ይፈልጋሉ።

እማማን በበዓሉ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳይደውሉልህ እነግራቸዋለሁ፣ ሥራ ላይ ነህና።

ወንድምህ፣
ከኮምቦልቻ