በፍንዳታ ለተጎዱ የቀድሞ ወታደሮች የዓይን እንቅስቃሴ ምርመራ ይጨመርላቸው

ለዩናይትድ ስቴትስ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ሚኒስቴር

ክቡር ሚኒስትር፣

መሥሪያ ቤትዎ ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ተመልሰው ለሕክምና የሚመጡትን ስለ አንጎል ጉዳት ይጠይቃል። ፍንዳታ አጠገብ ነበርክ? ራስህን ስተህ ነበር? ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠብህ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ሁሉም የሚመለሱት በትዝታ ነው፤ ተጎዳ የሚባለው ደግሞ ያው የሚያስታውሰው አንጎል ነው።

ሲቲ ስካን በመለስተኛ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያሳይም። ራስ ምታቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ቁጣው ጦርነት ጥሎት ከሚያልፈው የአእምሮ ጭንቀት ጋር ስለሚመሳሰሉ ሐኪምም ለመለየት ይቸገራል። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ኢራቅ ውስጥ ያለው፣ የአሜሪካ ወታደሮች የሰፈሩበት የአል አሳድ ጦር ሰፈር በኢራን ሚሳይል ሲመታ መጀመሪያ የተነገረው የተጎዳ የለም የሚል ነበር። በኋላ የአንጎል ጉዳት የተገኘባቸው ወታደሮች ከ100 በለጡ።

ዓይን እንዲንቀሳቀስ የአንጎል የፊት ክፍል፣ ትንሹ አንጎልና የአንጎል ግንድ ተናበው መሥራት አለባቸው። ምርመራው ቀላል ነው፤ ሰውየው አገጩን አስደግፎ ስክሪን ላይ የምትሄድ ነጥብ በዓይኑ ይከተላል፣ ካሜራም እንቅስቃሴውን ይቀዳል። ጤነኛ ዓይን ከነጥቧ ጋር አብሮ ይሄዳል። የተጎዳው ወደኋላ ይቀርና ዘሎ ይደርስባታል፤ አንዳንዴም ሁለቱ ዓይኖች እኩል አይሄዱም። የቀድሞ ወታደር የሆነው ወንድሜ ሲያነብ መስመሩ ስለሚጠፋበት በጣቱ እየተከተለ ያነባል፤ ግማሽ ገጽ ሳይሞላ ራሱን ይዞ ይቀመጣል። ለዓመታት ስንፍና መስሎት በራሱ ሲያፍር ኖሯል።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በእ.ኤ.አ. 2018 መጨረሻ አይቦክስ የተባለውን መሣሪያ ለዚህ ዓይነት ምርመራ ፈቅዷል። የተፈቀደው ግን ከተጎዱ ሳምንት ላልሞላቸው ሰዎች ነው፤ የእናንተ ሕሙማን ከፍንዳታው ዓመታት ያለፏቸው ናቸው። ስለዚህ ነገውኑ መሣሪያ ገዝታችሁ በየሆስፒታሉ አስቀምጡ አልልም። የምጠይቀው፣ ለሙሉ የአንጎል ጉዳት ግምገማ የሚላኩ ሁሉ ፈቃደኛ ከሆኑ የዓይናቸው እንቅስቃሴ እንዲቀዳና ፍንዳታ ካልደረሰባቸው የቀድሞ ወታደሮች ጋር እንዲነጻጸር ነው። የእንቅልፍ እጦትና የሚወስዱት መድኃኒትም ዓይንን ስለሚያዛቡ አብረው ይመዝገቡ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ምርመራው ገና እየተጠና ሳለ «ዓይኑ ደህና ነው» ተብሎ የማንም የካሳ ጥያቄ ውድቅ መደረግ የለበትም። ይህ መሣሪያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በመመሪያ ተጽፎ እንዲወጣ እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ የቀድሞ ወታደር እህት