ቻክ ልትቀይሩ ስትመጡ አሮጌውን ይዛችሁ ኑ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በቅርቡ ከእኛ የድሪል ቻክ፣ ማለትም መብሻውን ፑንታ ጨብጦ የሚይዘውን ክፍል፣ ገዝታችሁ «ገጠምነው፣ ግን እየወለቀ አስቸገረን» ብላችሁ የተመለሳችሁ አላችሁ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ስንሸጥላችሁ የማሽናችሁን ዘንግ ልክ አልጠየቅንም። ከዱከም፣ ከቃሊቲ ገላን ድረስ የሚመጣ ሰው የሥራ ቀኑን ከፍሎ ነው የሚመጣው። ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ነገሩንም እናስረዳችኋለን።

የቋሚ ድሪል ቻክ በአብዛኛው በብሎን አይታሰርም። እየቀጠነ በሚሄድ ሾጣጣ ዘንግ ላይ ተጨቁኖ ይገባል። የሚይዘው የሁለቱ ብረት ፍትጊያ ነው። ስለዚህ ዘንጉና የቻኩ ቀዳዳ ልክ ለልክ መሆን አለባቸው።

እኛን ያሳሳቱን ጄቲ33 እና ቢ16 የሚባሉት ልኮች ናቸው። የጄቲ33 ወፍራሙ ጫፍ 15.85 ሚሊ ሜትር ነው፣ የቢ16 ደግሞ 15.73። በዓይን ማን ይለየዋል? አቀጣጠናቸው ግን አንድ አይደለም። በ100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ቢሰላ ጄቲ33 በ6.35 ሚሊ ሜትር ይቀጥናል፣ ቢ16 በ5 ብቻ። አንዱን በሌላው ላይ ብትመቱት የገባ ይመስላል። የተያዘው ግን በአንድ ጠርዝ ብቻ ነው። ፑንታው ይወዛወዛል፣ ሥራ ሲከብደው ቻኩ ዱብ ይላል።

ለዚህ ነው አሮጌውን አምጡ የምንለው። ብዙ ጊዜ ልኩ ላዩ ላይ ተቀርጿል። ከጠፋም በካሊፐር እንለካዋለን። አልላቀቅ ካለ በመዶሻ አትቀጥቅጡት። ከቻኩና ከዘንጉ መሃል በሁለት ወገን የሚገባ ጥንድ ሽብልቅ እናውሳችኋለን።

አዲሱን ስትገጥሙ መጀመሪያ ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ። ዘንጉንና ቀዳዳውን በቤንዚን አጽድታችሁ አድርቁ፣ ብየዳ ካለበት ግን ራቅ በሉ። ግሪስ ሌላ ቦታ ደግ ነው፣ እዚህ ጠላት ነው። ፑንታውን የሚጨብጡትን ሦስት መንጋጋዎች ወደ ውስጥ ሰብስቡና በእንጨት መዶሻ ከታች ወደ ላይ አንዴ ሁለቴ ምቱት። ይበቃዋል።

አደራ፣ የሚወልቅ ቻክ ከዘንጉ ጋር አትበይዱ! ሙቀቱ ያጣምመዋል፣ በኋላም ሁለቱንም መጣል ይመጣል። በርና መስኮት የምትሠሩ ደግሞ ቀዳዳ ለማስፋት ብላችሁ ብረቱን ወደ ጎን አትግፉት። ይህ ቻክ የተሠራው ወደ ታች ለሚጫን ሥራ ነው። ደህናውን ቻክ የሚያስወልቀው አንዱ ይኼው ነው።

ሁሉም ቻክ መቀየር አለበት ማለትም አይደለም። የሚንሸራተተው መንጋጋዎቹን የሚያጠብቀው ቁልፍ ከሆነ፣ መጀመሪያ የቁልፉን ጥርስ እዩት። እሱ ብቻ አልቆ ከሆነ ቁልፉን ለብቻው ግዙ። የመንጋጋዎቹ ጫፍ ተበልቶ ፑንታ ቀጥ አድርጎ አልይዝ ሲል ግን ቻኩ ይቀየር።

ልኩ ያልሆነ ቻክ የወሰዳችሁ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንለውጥላችኋለን። ደረሰኝ ባይኖርም ችግር የለም፣ ቻኩን ብቻ ይዛችሁ ኑ። ቅዳሜም እስከ ምሳ ሰዓት ክፍት ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የወርክሾፑ ሠራተኞች፣ ገላን