ይድረስ ለልጅነት ጓደኛዬ፣ ከላድብሮክ ግሮቭ

ውድ እታለሜ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ? የእናትሽ ጉልበት ተሻላቸው? እኛ ከናፍቆት በቀር ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከተጻጻፍን ስንት ዘመን ሆነ! ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሽ ወዲህ ወሬሽን የምሰማው በሰው በሰው ነው፤ ትልቋ ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን እንኳ የነገረችኝ ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋት የአክስትሽ ልጅ ናት። ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ግን የማጫውትሽ ረጅም ነው፤ በዚያ ላይ ነገሩ ራሱ የደብዳቤ ነገር ነው።

ቢዲ ባክስተር አረፈች፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2025 ነሐሴ ላይ፣ በ92 ዓመቷ። ስሟ ቶሎ ላይመጣልሽ ይችላል፤ በቴሌቪዥን መስኮት የምትታይ ሰው አልነበረችም። ብሉ ፒተር የሚባለውን የቢቢሲ የልጆች ፕሮግራም እስከ 1988 ድረስ ለረጅም ዘመን የመራችው እሷ ናት። መርከብ የተሣለበት ባጅ የእሷ ሐሳብ ነው። በሞቷ ሰሞን የተጻፈላትን ሳነብ አንድ ታሪክ አገኘሁና ያን ዕለት ሌላ ሥራ መሥራት አቃተኝ። ልጅ ሳለች ኢኒድ ብላይተን ለምትባለው ደራሲ ደብዳቤ ጽፋ መልስ መጣላት። ደስ ብሏት ደግማ ጻፈች። ሁለተኛው መልስ ግን ቃል በቃል የመጀመሪያው ነበር። ደራሲዋ ጨርሶ እንዳላስታወሰቻት ገባት። ያ ነገር ከልቧ ሳይወጣ ኖሮ፣ ብሉ ፒተርን ስትይዝ የጻፈ ልጅ ሁሉ ስሙ በካርድ እንዲመዘገብ አደረገች፤ ልጁ ሁለተኛ ቢጽፍ የፊተኛውን እያነሱ እንዲመልሱለት።

እታለሜ፣ የአንቺም ስም ውድ ሌን በነበረው የቢቢሲ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ መሳቢያ፣ በካርድ ላይ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ያቺን ደብዳቤ መቼም አትረሻትም። መስከረም ነበር። ፕሮግራሙ ላይ ከካርቶንና ከማጣበቂያ የሚሠራ አንድ ነገር አሳዩ፤ እኛ ቤት ደግሞ ካርቶኑም ማጣበቂያውም አልነበረም። አንቺ አደይ አበባ ሥለሽ፣ አገራችን አዲስ ዓመት የሚገባው በመስከረም እንደሆነና ልጆች ሥዕል ሥለው ለጎረቤት እንደሚሰጡ ጻፍሽላቸው። እንግሊዝኛውን ሁለታችን ተጋግዘን ነው የገጣጠምነው። ለቴምብር ከምናወጣ በእግራችን እናድርሰው ብለን እስከ ዋይት ሲቲ ልንሄድ ስንነሣ እናትሽ ደረጃው ላይ ያዙን።

መልሱ ሲመጣ የሆነውን ለልጆቼ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። በዚያን ጊዜ ስማችን በታይፕ ተጽፎበት የሚመጣ ፖስታ ሁሉ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ነበር። እናትሽ ከሆም ኦፊስ መስሏቸው ሳይከፍቱ ከዳዊታቸው ሥር አኖሩት፤ የእኔ አባት፣ አባባ፣ ከሥራ እስኪመለሱ ድረስ እህል አልቀመሱም። አባባ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቆመው ከፈቱት፤ አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። "የልጅቷን ሥዕል ወደውታል ነው የሚለው" አሉ። እናትሽ እልልታቸውን ሲያቀልጡት ምድር ቤት ያለችው አይሪሿ ጎረቤታችን ምን መጣ ብላ ደረጃውን ወጣች። እሷም ባጁን አይታ አብራን አለቀሰች። ለእነዚያ ሰዎች በየቀኑ ከሚደርሷቸው ደብዳቤዎች አንዱ ነበር። ለእኛ ግን ይህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ በደግ የጻፈልን ያን ቀን ነው።

ቴሌቪዥኑ እናንተ ቤት ነበር። የኪራይ ነው፤ ከጀርባው የሃምሳ ፔንስ ሳንቲም የሚጎርስ ሳጥን ነበረው። እናትሽ ሳንቲሙን በሻይ ቆርቆሮ ያጠራቅሙ ነበር። ቀልዱ ሊፈነዳ ሲል ድርግም ይልና ሁሉም ኪሱን ሲዳብስ፣ አባባ ደግሞ ያለፈውን ትዕይንት ከመጀመሪያው እየተረኩ ጨለማውን ያሳልፉልን ነበር። አብሮ ማየት የሚባለውን ነገር የተማርኩት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ቻናሉ ሦስት ብቻ ነው፤ አራተኛው የመጣው በ1982 ነው። ስለዚህ ማታ ያየነውን ጠዋት ትምህርት ቤት ያላየ ልጅ አልነበረም። በቋንቋም በልብስም በምሳ ሳጥንም ብንለይ፣ በዚያ አንድ ነበርን። ልጆቼ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስልክ ይዘው በየጥጉ ሲስቁ ሳይ ይህን ነው የማስበው።

እንግሊዝኛ ያስተማረን ፕሌይ ስኩል ነው፤ የትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች የደረሱት በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ትምህርት ላልጀመሩ ሕፃናት ነበር። እኛ ግን ሰባትና ስምንት ዓመት ሞልቶን ቃል የማናውቅ ስለነበርን በትክክል ለእኛ የተሠራ ነበር። ቀስ ብለው፣ ዓይን ዓይናችንን እያዩ ይናገራሉ። ዛሬ ካሜራው በየትኛው መስኮት እንደሚገባ ስንወራረድ፣ በክቡ ይሁን በአራት ማዕዘኑ ይሁን በቅስቱ፣ የቅርጾቹን ስም ያወቅነው በዚያ ነው። ፍሎኤላ ቤንጃሚንማ! ከትሪኒዳድ በልጅነቷ የመጣች፣ ጸጉሯን ተሠርታ ጫፉ ላይ ዶቃ የሰካች። አንቺ እናትሽን "እንደሷ" ብለሽ ስትለምኚ፣ እናትሽ "ሹሩባ እኮ የእኛ ነው፣ ከቴሌቪዥን ነው እንዴ የምንማረው?" እያሉ ሠሩሽ፤ ከአንድ ከተበጠሰ መቁጠሪያ የተረፉ ዶቃዎችም ሰኩበት። ፍሎኤላ ከ2010 ጀምሮ በጌቶች ምክር ቤት ትቀመጣለች። ባየኋት ቁጥር ያቺ ወንበር የእኛም ትመስለኛለች።

ባግፑስን ብዙ አላወራም፤ አሥራ ሦስት ክፍል ብቻ ሆኖ ሳለ እየደጋገሙ ስላሳዩን ሁለታችንም በቃላችን እናውቀዋለን። የጠፋና የተሰበረ ዕቃ ጠግነው፣ ባለቤቱ አልፎ ሲሄድ እንዲያየው መስኮት ላይ የሚያስቀምጡበት፣ ምንም የማይሸጥበት ሱቅ። ኦሊቨር ፖስትጌትና ፒተር ፈርሚን ያን ሁሉ የሠሩት በኬንት ገጠር፣ ከብት ይታሰርበት በነበረ ጋጣ ውስጥ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት። የትምህርት ቤት ድራማውን ግሬንጅ ሂልን ደግሞ ተማሪው ለአስተማሪ ሲመልስ ባዩ ቁጥር እናትሽ ይዘጉብን ነበር።

ድቡን ፓዲንግተንን ግን ለብቻው ላንሣው። ከማታው ዜና በፊት አምስት ደቂቃ ያህል ነበረች። ሰዎቹ፣ ቤቱ፣ መንገዱ ሁሉ ከወረቀት የተቆረጡ ጠፍጣፋ ሥዕሎች ናቸው። አካል ያለው፣ ኮፍያውን የሚያነሣው፣ ዕቃ የሚገለበጥበት ድቡ ብቻ ነው። አንቺ "ለምንድን ነው እሱ ብቻ እውነተኛ የሆነው?" ብለሽ ጠየቅሽኝና መልስ አጣሁልሽ። አሁን ሳስበው፣ አዲስ አገር የገባ ልጅ ዓለሙን የሚያየው እንደዚያው ነው። መንገዱም ሰዉም ገና ሥዕል ነው፤ ክብደት ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ስለዚህም የነካሽው ሁሉ ይወድቃል። ደራሲው ማይክል ቦንድ በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ሸሽተው ከለንደን የሚወጡ ልጆችን፣ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ባቡር ጣቢያ አይቶ ነበር። በድቡ አንገት ላይ ያለችው "እባካችሁ ይህን ድብ ጠብቁት" የምትል ወረቀት ከዚያ የመጣች ናት። መጀመሪያ ከአፍሪካ እንዲመጣ ነበር ያሰበው፤ አፍሪካ ውስጥ ድብ የለም ስላሉት ነው ወደ ፔሩ ያዞረው። ሚስተር ግሩበር፣ ያ ፖርቶቤሎ ላይ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ያለው ወዳጁ፣ ከሀንጋሪ የመጣ ስደተኛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ሱቅ ፍለጋ ፖርቶቤሎን ከላይ እስከ ታች ያሰስነው እኔና አንቺ፣ አንድ ቀን እናገኘዋለን ብለን ከልባችን እናምን ነበር።

የትልልቆቹ ሳቅ ሌላ ነው። አባባ አዲስ አበባን ከለቀቁ በኋላ ጥርሳቸውን ያየሁት በዳድስ አርሚ ነው። ተከታታዩ በ1977 አልቋል፤ እኛ ያየነው የሚደገመውን ነው። ለጦር ሜዳ ዕድሜያቸው ያለፈ ሽማግሌዎች ጀርመን በባሕር ቢመጣ እንመክተዋለን ብለው በትንሽ ከተማ ሲሰለፉ። እናንተ በሞኝነታቸው ስትስቁ አባባ "እነዚህ ጀግኖች ናቸው" ይሉ ነበር። አያቴ በጣሊያን ጊዜ በአሮጌ ጠመንጃ የዘመቱ አርበኛ ነበሩና፣ አባባ የሽማግሌዎቹን አዛዥ ካፒቴን ሜንዋሪንግን ሲያዩ የሚታያቸው ሌላ ሰው ነበር። የተያዘው የጀርመን መርከብ አዛዥ ከመካከላቸው የትንሹን ልጅ ስም ሲጠይቅ፣ ሜንዋሪንግ "እንዳትነግረው፣ ፓይክ!" የሚልበትን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሳያወሩ ቡና አይጠጣም ነበር።

ፎልቲ ታወርስ ሲጀምር ግን ተነሥተው ይወጣሉ። አባባ ያኔ በሆቴል ኩሽና ሳህን ያጥቡ ነበር። እንግሊዝኛ የማያውቀው አስተናጋጅ ማኑኤል በመጥበሻ ሲመታ አገር ሲስቅ፣ እሳቸው ምን ይሰማቸው እንደነበር ያኔ አልገባኝም። የሚስቁበት በሆቴሉ ባለቤት በባዚል ነው እንጂ በማኑኤል አይደለም የሚሉ አሉ፤ ጽሑፉን ደግሜ ሳየው እውነታቸውን ነው፤ አሥራ ሁለቱም ክፍሎች እጅግ የተዋጣላቸው ሥራዎች ናቸው። ቢሆንም የአባባን መውጣት ከእነርሱ ክርክር አላሳንሰውም። አንድ ነገር ብቻ በሕይወት ሳሉ ብነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር፦ ማኑኤልን የተጫወተው አንድሩ ሳክስ ራሱ በ1938 ገና በልጅነቱ ናዚዎችን ሸሽቶ ከቤተሰቡ ጋር ከበርሊን የመጣ ስደተኛ ነበር።

ስለ 1984 ጥቅምት ላንሣ ወይስ ልተው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ማንሣት አለብኝ፤ የሆነው በዚያው ቴሌቪዥን ነው። የልጆቹ ፕሮግራም ካለቀ በኋላ ያ መስኮት ኮረምን አመጣብን። የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክ ሲናገር፣ መሐመድ አሚን የቀረጻቸው ሰዎች ነጠላቸውን ተከናንበው በዚያ ብርድ ሲታዩ፣ እናትሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በማግሥቱ ትምህርት ቤት እኛ ሌሎች ልጆች ሆነን ነበር። ያሾፉብን ነበሩ፤ ምሳቸውን ያካፈሉንም ነበሩ፤ ሁለቱም ከበደን። ከዚያ ደግሞ ቀልደኞቹ መጡ። ሪቻርድ ከርቲስ ኢትዮጵያ ሄዶ ያን አይቶ ተመለሰ፤ ከሌኒ ሄንሪና ከጓደኞቹ ጋር ኮሚክ ሪሊፍ የተባለውን የቀልደኞች እርዳታ ማሰባሰቢያ በ1985 የገና ዕለት፣ እኛ ካለፍንባት ከሱዳን የስደተኞች ሰፈር ጀመሩት። በ1988 የካቲት የመጀመሪያው የቀይ አፍንጫ ቀን ሲከበር 15 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰበሰበ። አንቺ ቀዩን አፍንጫ አደረግሽው፤ እኔ አላደረግሁትም። በዚያ ተኳርፈን ሰነበትን። ዛሬም የእኔ ሐሳብ አልተለወጠም፤ ወገኔ ስም የሌለው ረሃብተኛ ሆኖ መታየቱ ያመኛል። ነገር ግን ሲያስቁን የኖሩ ሰዎች ባዩት ነገር ልባቸው ተሰብሮ ሥራቸውን ለዚያ ማዋላቸውን ከልቤ አከብራለሁ።

ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስን ሳልነካ ብጨርስ ትቀየሚኛለሽ። ፔካም ውስጥ፣ ማንዴላ ገና እስር ቤት ሳሉ በስማቸው በተጠራ ፎቅ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች። ዴል ቦይ "በሚቀጥለው ዓመት ይህን ጊዜ ሚሊየነር እንሆናለን" ባለ ቁጥር ወላጆቻችን ለምን ከእኛ ይበልጥ እንደሚስቁ ታስታውሻለሽ? እነሱም በየእንቁጣጣሹ "ለከርሞ አገራችን እንገባለን" ይሉ ነበር፤ ሻንጣው ቁም ሣጥን ላይ እንደታሰረ ነው። በ1996 የገና ሰሞን ወንድማማቾቹ በእውነት ሚሊየነር ሆኑ፤ 24.3 ሚሊዮን ሰው አየው። አንቺ አሜሪካ ነበርሽ። እኛ ቤት ሁሉም ሲጮህ አባባ ዝም ብለው ቆዩና "ደረሱ በለኛ" አሉ። እሳቸው አዲስ አበባን ደርግ ከወደቀ በኋላ ሄደው አይተው ተመልሰው ነበር።

እናትሽ ካልደከማቸው አንድ ነገር አስቸግሪልኝ። አባባ ያንን የፓይክን ነገር እንዴት እያደረጉ ያወሩት እንደነበር ይንገሩሽና በስልክሽ ቅጂልኝ። ድምፃቸውን አስመስለው የሚያወሩት እሳቸው ብቻ ናቸው የቀሩት፤ ልጆቼም አያታቸውን የሚያውቁት ከእኔ አፍ ብቻ ነው። ካስታወሱ ቆርቆሮው ውስጥ ሳንቲም ሲያልቅ አባባ የተናገሩትንም ይጨምሩልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው፤ ማታ ማታ ቤት ነኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብትደውዪም ታገኚኛለሽ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ልጆችሽን ሳሚልኝ።

እህትሽ