የዳገቱን እሽቅድድም ሙሉውን አሳዩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ተሰብስበን ቡና እየጠጣን ስለ መኪና የምንጫወት ጥቂት ሰዎች ነን። ከመካከላችን መካኒክ አለ፣ የሚኒባስ ሾፌር አለ፣ እንደ እኔ ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ መኪና እየጠጋገነ የሚነዳም አለ። ሰሞኑን ጨዋታችን ሁሉ በቴሌቪዥን ስላየነው የዳገት ላይ የመኪና እሽቅድድም ነበር። የታየው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ መኪናው በገደል አፋፍ ሲታጠፍ፣ ሰዓቱ ሲቆጥር፣ አሸናፊው እጁን ሲያነሳ አየንና አለቀ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሳይታይ የቀረው ነው።

በዳገት እሽቅድድም መኪኖች ጎን ለጎን አይሮጡም። አንድ በአንድ ይነሳሉ፤ ተፎካካሪያቸው ሰዓት ነው። በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1916 የተጀመረው የፓይክስ ፒክ ውድድር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 156 ኩርባዎች አሉት። መነሻው 2,862 ሜትር ላይ በመሆኑ ከደሴ ከተማ እንኳ ከፍ ይላል፤ መድረሻው ደግሞ 4,302 ሜትር ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው መንገድ በርዝመቱ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ሽቅብ የምንወጣው ግን 600 ሜትር ገደማ ነው።

ከፍታ በሞተር ላይ የሚያደርገውን የእኛ አገር ሾፌር ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ቱርቦ፣ ማለትም አየር በግፊት የሚያስገባለት መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው የእኔ መኪና ካርቡራተር ደግሞ ለቆላ ከተስተካከለ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ባለው ዳገት በሐረጎ ላይ ሲደርስ ቤንዚኑ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያወጣል። መካኒኩ ወዳጃችን ይህን ከፓይክስ ፒክ ጋር አያይዞ ሲያስረዳን ሁላችንም ቡናችንን ረስተን አዳመጥነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፈረንሳዊው ሮማን ዱማ በቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና ያንን ዳገት በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ የወጣው፣ ከ8 ደቂቃ በታች በመግባትም የመጀመሪያው የሆነው፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስና ከፍታው ጉልበቱን ስለማይቀንስበት ጭምር ነው። ወደ አገራችን የሚገቡ አውቶሞቢሎች ኤሌክትሪክ እንዲሆኑ በተወሰነበት በዚህ ዘመን፣ ይህ በአማርኛ ተብራርቶ ቢቀርብ ስንት ተመልካች በጉጉት ይከታተለው ነበር!

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመለስ። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደሴ በስንት ደቂቃ እንደሚገባ በስልኩ እየለካ ሲነዳ፣ ሐረጎ ላይ ጉም ውስጥ ጭነት መኪና ሊቀድም ወጥቶ ከፊት ለፊቱ ከሚመጣ ሚኒባስ ጋር ከመጋጨት ለጥቂት ተረፈ። ስቆጣው የመለሰልኝ፣ በቴሌቪዥን የሚያያቸውም እንደዚሁ ሰዓት እያስያዙ እንደሚነዱ ነው። ልጁ አልዋሸም፤ ሰዓቱን አይቷል። መንገዱ ለሌላ ተሽከርካሪ ሁሉ ዝግ እንደሆነ፣ የፓይክስ ፒክ ልምምድ እንኳ ሕዝብ ወደ ተራራው ከመግባቱ በፊት በንጋት እንደሚካሄድ፣ ፍሬኑና ጎማው ሳይመረመር ማንም እንደማይነሳ፣ በየኩርባው ባንዲራ የያዙ ሰዎች እንደሚቆሙ ግን ማንም አላሳየውም።

ከጓደኞቼ አንዱ ሐረጎ ላይ ውድድር ቢደረግ ለከተሞቻችን እንግዳ ያመጣል ይላል። አሳቡን ባከብርም አልስማማበትም፤ በዚያ መንገድ ወደ ደሴ ለሕክምና የሚወሰድ በሽተኛና ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ ጭነት ያልፍበታል።

ስለዚህ የቴሌቪዥን ስፖርት አዘጋጆችን የምለምነው ስለ አማተሮቹ፣ ማለትም ሙያቸው ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው ስለሚወዳደሩት፣ እንዲያሳዩን ነው። በእንግሊዝ ሼልስሊ ዎልሽ በተባለ ስፍራ ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ኪሎ ሜትር ባነሰች አቀበት ላይ ይወዳደራሉ፤ ፈጣኖቹ ከ23 ሰከንድ በታች ይጨርሷታል፤ ከእነሱ ጋር ግን ተራ ሰው በየቀኑ በሚነዳው መኪና መጥቶ፣ ተመርምሮ፣ ተወዳድሮ፣ በዚያው መኪና ቤቱ ይገባል። መቀዳደም ስለሌለበት ለካሜራ እንደማይመች ይገባኛል። ነገር ግን አንዱን አማተር ከጠዋት ምርመራው ጀምሮ እስከ መስመሩ ድረስ ተከትሎ የሚያሳይ የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ከአማርኛ ማብራሪያ ጋር ማቅረብ ከባድ አይመስለኝም። የእህቴ ልጅ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ቡና ይጠጣል፤ ፕሮግራሙ የሚተላለፍበት ቀን ከታወቀ አብሬው ተቀምጬ አየዋለሁ።

የመኪና ወዳጅ
ከኮምቦልቻ