ዓመቱን ከሄስተር ፕሪን ጋር
የሥነ ጽሑፍ ክበብ ዘገባ

ክበባችን በየዓመቱ አራት አምስት መጽሐፍ ያነባል። ዘንድሮም የታሰበው እንደዚያ ነበር። ልጆቹ ግን ከአንዱ አልላቀቅ አሉ፤ እኔም አልገፋኋቸውም። መጽሐፉ አሜሪካዊው ናትናኤል ሆቶርን በ1850 ያሳተመው «ዘ ስካርሌት ሌተር» («ቀዩ ፊደል») የተባለው ልብ ወለድ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ)። የቅጂ መብቱ ካበቃ ቆይቷል። ከኢንተርኔት አውርደን አተምነውና እየጠረዝን ተካፈልን።

ስለ ጉምሩክ ቢሮ የሚያወራውን ረጅም መግቢያ ዘለን በቀጥታ ከእስር ቤቱ በር ጀመርን። ከተማሪ ጋር ለማንበብ ለሚያስብ መምህር ሁሉ ይህንኑ እመክራለሁ።

ታሪኩ የ1640ዎቹ ቦስተን ነው። ከእንግሊዝ ባሕር ተሻግረው የመጡት ፒዩሪታኖች (ሃይማኖታቸውን የሚያጠብቁ ፕሮቴስታንቶች) ከሰፈሩ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነው። የቤተ ክርስቲያን አባል ያልሆነ ሰው በቅኝ ግዛቱ ምርጫ ድምፅ አይሰጥም። ዳኛው የሰባኪውን ምክር እየሰማ ይፈርዳል። የመጽሐፉ ዋና ባለ ታሪክ ሄስተር ፕሪን ባሏ ርቆ ድምፁ በጠፋበት ጊዜ ትወልዳለች። ሕፃኗን ታቅፋ በገበያው መድረክ ላይ ሦስት ሰዓት ሕዝብ እያያት እንድትቆም ይፈረድባታል። ምንዝሯን የምትናገር አንዲት ቀይ «A» ፊደልም (ምንዝር በእንግሊዝኛ የሚጀምርባት) ዕድሜ ልኳን ከደረቷ ላትለይ ነው።

«ቲቸር፣ እውነት እንደዚህ ይደረግ ነበር?» የልጆቹ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር። ሄስተር ልብ ወለድ ናት፤ ሕጉ ግን ነበረ። ቦስተን ባለችበት በማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ምንዝር በሞት ያስቀጣ ነበር፤ በ1644 አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዚሁ ተሰቅለዋል። ጎረቤቱ የፕሊመዝ ቅኝ ግዛት በ1658 ያወጣው ሕግ ደግሞ ሁለት ፊደል ከጨርቅ ተቆርጦ ልብስ ላይ እንዲሰፋ ያዝዛል። ደራሲውም ከዚያው ዘር ነው። የአያቱ አያት ጆን ሃቶርን በ1692 በዚያው ማሳቹሴትስ፣ ሴሌም ከተማ ውስጥ ጠንቋይ የተባሉትን ሲመረምሩ ከነበሩት ዳኞች አንዱ ነበር። ይህን ካወቁ በኋላ መጽሐፉን እንደ ተረት የሚያነብ ልጅ አላየሁም።

ብዙ የቆየነው ፊደሉ ላይ ነው። ፈራጆቹ የፈለጉት ውርደት ነው። ሄስተር ግን ከእስር ቤት ስትወጣ ደረቷ ላይ ያለው ቀይ ጨርቅ ዙሪያውን በወርቅ ክር ተጠልፏል። ደጅ ላይ ተሰብስበው የሚጠብቋት ሴቶች ይበግናሉ። አንዷማ «ለእሷስ የኔ አሮጌ የፍላኔል ጨርቅ በበቃት ነበር» ዓይነት ነገር ትናገራለች።

ለዓመቱ መዝጊያ ድራማ ፊደሉን የሠራችልን የ11ኛ ክፍል ልጅ ናት። ጥልፍ ከእናቷ ነው የተማረችው። ሥራው ሳምንት አለፈው። ያመጣችው ዕለት «ቲቸር፣ ይሄ እኮ በአንድ ቀን አያልቅም» አለችኝ። «ሄስተር እስር ቤት ቁጭ ብላ፣ መድረክ ላይ እንደምትወጣ እያወቀች ነው የጠለፈችው።» ስለዚህ መጽሐፍ ዘንድሮ ከተባለው ሁሉ የምወደው ይህን ነው። እምቢታዋ በንዴት የመጣ አይደለም። አስባበት፣ ክር መርጣ፣ ስፌት በስፌት የሠራችው ነው።

ክርክር ያስነሳው ዝምታዋ ነው። መድረኩ ላይ የልጅሽን አባት ተናገሪ ትባላለች። ከጠያቂዎቹ አንዱ ራሱ አባትየው፣ ወጣቱ ሰባኪ ዲምስዴል ነው። አልናገርም ትላለች። አንድ ልጅ በጣም ተናደደ። «እሷ ተዋርዳ እሱ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲከበር ኖረ። ይሄ ምኑ ነው እምቢታ?» አለ። አንዲት ልጅ መለሰችለት፦ «ዳኞቹ የፈለጉት ሁለት ነገር ነው፤ እንድታፍርና ስም እንድትሰጣቸው። አንዱንም አላገኙም።» እኔ የማደላው ለልጅቷ ነው። ልጁም ግን ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም የቆመው። ሄስተር ባሏ ተደብቆ ወደ ከተማዋ ሲመጣም ማንነቱን እንደማትገልጥ ቃል ትገባለታለች፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰውየው ሰባኪውን ቀስ በቀስ ሲያሠቃየው ይኖራል። በኋላ እሷ ራሷ በዚህ ትጸጸታለች።

ዝም የማትልበትን ምዕራፍ ደግሞ ደጋግመን ጮክ ብለን አነበብነው። ሄስተር ጥልፍ የሠራችለትን ጓንት ይዛ ወደ ገዢው ቤሊንግሃም ቤት ትሄዳለች። እዚያው ልጅሽ ፐርል ትወሰድብሽ ይሏታል፤ ለሕፃኗ ነፍስ አስበው ነው አሉ። እግዚአብሔር የሰጠኝን አልሰጥም ብላ ድርቅ ትላለች። ከዚያም ወደ ዲምስዴል ዞራ፣ አንተ ተናገርልኝ ብላ ታፋጥጠዋለች። ሰውየው ግድ ሆኖበት ይናገራል፤ ልጅቷም ከእናቷ ጋር ትቀራለች። አስተውሉ፣ ያው ገዢ በእሷ መርፌ የተጠለፈ ልብስ ለብሶ ነው አደባባይ የሚወጣው። ለሙሽራ ነጭ መሸፈኛ ግን እንድትጠልፍ የጠራት የለም። ልጆቹን ከሁሉ ያስቆጣቸው ይህ ነበር።

ድራማውን የሠራነው መጽሐፉ ውስጥ በዚያ የገበያ መድረክ ላይ የሚሆኑትን ሦስት ትዕይንቶች መርጠን ነው። የጠዋት ሰልፍ የሚመራበትን መድረክ ተጠቀምን። ልምምዱ በእረፍት ሰዓት ስለነበር ትንንሾቹ ከበው ያዩ ነበር። ሄስተርን የተጫወተችው ልጅ ቃለ ተውኔቱ አልከበዳትም። «ከባዱ ዝም ብዬ ቆሜ መታየቱ ነው» አለችን። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ትዕይንት እንዲረዝም ራሷ ጠየቀች፤ አረዘምነው። በመዝጊያው ዕለትም ወላጆች ከተለመደው በላይ በዝምታ ተቀምጠው አይተዋታል።

መጨረሻው እስካሁን አላስማማንም። ሄስተር ወደ አውሮፓ ከሄደች በኋላ ብቻዋን ተመልሳ ፊደሉን በገዛ ፈቃዷ ታደርጋለች። ግማሾቹ ተሸነፈች አሉ። እኔ አልተሸነፈችም ባይ ነኝ። ማንም አላዘዛትም፤ ችግር የገባቸው ሴቶችም ምክር ፍለጋ ደጇን የሚያንኳኩት ፊደሉን እያዩ ነው። ግን ድምፅ አልሰጠንበትም፤ ድምፅ የሚሰጥበት ነገር አይመስለኝም።

የጠረዝናቸው ቅጂዎች ልጆቹ ዳር ዳሩን ከጻፉበት ማስታወሻ ጋር ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል። ለመጠረዣው የረዱንን የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ከልብ እናመሰግናለን። የአዲስ አባላት ምዝገባ በመስከረም፣ ክፍል በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የሚመጣ ሁሉ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች አንብቦ ይምጣ፤ ክርክሩን የምንቀጥለው ካቆምንበት ነው።