ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፦ የሻሸመኔውን ጃማይካ ሰፈር መዝግቡልን

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። ሥራዬ አስጎብኚነት ነው። እንግዶቼ ሐይቁን ካዩ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ከበሉ፣ ታቦርን ከወጡ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "ጃማይካ ሰፈር ውሰደን" ይሉኛል። መንገዱ ቅርብ ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ግድም። ሻሸመኔን አቋርጠን በአዲስ አበባው መውጫ ወደ መልካ ኦዳ ስንጠጋ አጥሩም በሩም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይሆናል። እዚያ የማሳያቸውና የምነግራቸው ነገር አላጣም። ስጋቴ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚታየው ነገር እንዳያልቅ ነው።

ጉዳዬን ላስቀድም። ከካሪቢያንና ከአሜሪካ የመጡ ጥቁሮች የሰፈሩበት ይህ መንደር እንደ አንድ ቅርስ ይጠና፣ ወሰኑ ይለይ፣ ይመዝገብ። አንድ ቤተ ጸሎት ወይም አንድ ሙዚየም ለብቻው ይጠበቅ ማለቴ አይደለም። መንደሩን በሙሉ ነው የምለው።

ታሪኩን ከእኔ በላይ እንደምታውቁት አምናለሁ። ሆኖም ይህ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ለሌላውም አንባቢ ልናገር። አገራችን በ1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጣሊያን ስትወረር አሜሪካና ካሪቢያን ያሉ ጥቁሮች ጥቃቱን እንደ ራሳቸው ቆጠሩት። ሰልፍ ወጡ፣ ገንዘብ አዋጡ፣ እንዝመት ብለው የተመዘገቡም ነበሩ። ጃንሆይ ይህን ድጋፍ እንዲያስተባብሩ ዶክተር መላኩ በያንን ወደ አሜሪካ ላኩ። በ1929 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተመሠረተ። ድሉ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ውለታውን በመሬት መለሱ። በ1940 ዓ.ም. ከግል ይዞታቸው አምስት ጋሻ፣ 200 ሄክታር ገደማ፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው መኖር ለሚፈልጉ ጥቁሮች በፌዴሬሽኑ በኩል ሰጡ።

ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ጄምስና ሔለን ፓይፐር የተባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ትውልዳቸው ከሞንትሰራት ደሴት ነው፤ የመጡት ደግሞ ከአሜሪካ። ራስተፈሪያንም አልነበሩም። ይህን ስነግራቸው የማይገረም እንግዳ የለም። የራስታዎቹ መምጣት የበረታው ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ ነው። ከዚያም ቀድሞ የመጣ አለ። ኖኤል ዳየር ከእንግሊዝ ተነስቶ፣ ፈረንሳይንና ስፔንን አልፎ፣ ሰሜን አፍሪካን አቋርጦ፣ በሱዳን በኩል ሻሸመኔ ገባ። ከመንገዱ ብዙውን በእግሩ ነው የተጓዘው። እንዲህ ያለ ሰው የኖረበትን ቦታ ለልጅ ልጆቻችን በጣታችን ማሳየት ሲያቅተን ይታያችሁ።

በ1962 ዓ.ም. መሬቱ ለ12 ሰፋሪዎች ተከፋፈለ። አምስት ዓመት አልቆየም፣ በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ተወረሰ። ብዙዎቹ አገር ለቀው ሄዱ። ጥቂቶቹ ግን በዚያ ሁሉ ችግር ውስጥ ቆዩ። እኔ ይህን መንደር ያተረፉልን እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ከ1983 በኋላ ሌሎች መጡ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ልጆች ተወለዱ። በ2009 ዓ.ም. መንግሥት መታወቂያ እንዲሰጣቸው ወሰነ። ትልቅ ነገር ነው፤ ሊመሰገን ይገባል። ሰዎቹ መታወቂያ አገኙ። ቦታውስ?

ሻሸመኔ በፍጥነት የምታድግ ከተማ ናት። የአራት አቅጣጫ መንገድ መገናኛ ስለሆነች አስፋልት ዳር ያለ ቦታ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ማንም ሰው ቢሸጥ ወይም አፍርሶ ፎቅ ቢሠራ አልፈርድበትም፤ ኑሮ ነው። የድሮዎቹ ቤቶች ደግሞ ብዙዎቹ የጭቃና የቆርቆሮ ናቸው። ላያቸው ሰው የሐውልት ግርማ የላቸውም። ለዚህም ነው ፈርሰው ካለቁ በኋላ ብቻ የምንነቃው ብዬ የምሰጋው። ቅርስ ማለት የግድ ቤተ መንግሥትና ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን አይደለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በእጃችሁ ነው፤ ቋሚ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሳ ይከለክላል። ይህ ጥበቃ ግን ቅርሱ ሲታወቅ ነው የሚሠራው።

አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ይህ ጉዳይ ሲነሳ ቶሎ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። አምስቱ ጋሻ ይመለስ እያልኩ አይደለም። መሬቱ ላይ ከስጦታው በፊትም ገበሬዎች ይኖሩ ነበር፤ ዛሬም በዙሪያው ብዙ የኦሮሞ ቤተሰቦች አሉ፤ ጎረቤት ሆነው፣ ተጋብተው፣ ተዋልደው። ምዝገባው ማንንም የሚያስነሳ ከሆነ ባይመዘገብ እመርጣለሁ። ወሰኑ ሲለይ ጎረቤቶቹ ከጅምሩ ይጠሩ። የእነሱ ትዝታም ከሰፋሪዎቹ ትዝታ እኩል ይጻፍ። ሰፋሪዎቹ ሲመጡ ማን ተቀበላቸው? ማን ማረስ አስተማራቸው? በ1967 ማን ደበቃቸው፣ ማን ተቃወማቸው? ይህ ሁሉ የመንደሩ ታሪክ ነው።

ቤቱ ይጠገናል፤ ሰው ግን ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ባለሙያ ከነድምፅ መቅጃው ይምጣ። ቀድመው የመጡት አርጅተዋል። በየቤቱ ያለው ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ የድሮ ፓስፖርት፣ የመሬት ወረቀት ቅጂው ይወሰድ፤ ዋናው ከባለቤቱ ጋር ይቅር። የ12ቱ ይዞታ የት የት እንደነበር በካርታ ይውጣ። መቃብሮቹም አይረሱ። ከዚያ በኋላ በየቤቱ በር ላይ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትንሽ ሰሌዳ ቢቆም ወጪው ብዙ አይሆንም።

ይህን ብቻችሁን ሥሩት አልልም። የኦሮሚያ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮና የሻሸመኔ ከተማ አስተዳደር አብረው እንዲቀመጡ ይህ ደብዳቤ በግልባጭ ይድረሳቸው። እኔም ባለሙያዎቻችሁ በመጡ ቀን መንገድ ለመምራትና ከሽማግሌዎቹ ጋር ለማገናኘት ያለ ክፍያ ዝግጁ ነኝ። መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሐዋሳ አስጎብኚ