በስሜን ተራሮች ብቻውን ለሚነዳ ሰው አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጠው

ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን
ለስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት
ደባርቅ

ጉዳዩ፦ መኪናውን ራሱ እየነዳ ብቻውን ወደ ፓርኩ ለሚገባ ጎብኚ የጽሑፍ መመሪያ እንዲዘጋጅ ስለመጠየቅ

ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ስለሆነ ብዙም አያስቸግርም። ፈተናው ከደባርቅ ወዲያ ነው፤ የጠጠሩ መንገድ በፓርኩ ውስጥ ወዳሉት የሳንቃበርና የጨነቅ ማደሪያ ሰፈሮች ሽቅብ ሲያቀና። በአስጎብኚ ድርጅት የሚመጣ እንግዳ መንገዱን የለመደ ሾፌር አለው። የራሱን ወይም የኪራይ መኪና ይዞ ብቻውን የሚመጣው ግን ሲሳሳት የሚያርመው ልምድ ያለው ሾፌር ከጎኑ የለም። ስለዚህ ደባርቅ ላይ ትኬት ሲቆረጥ ከደረሰኙ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት እንዲሰጠው እንጠይቃለን። በወረቀቱ ላይ ቢሰፍር ይበጃል የምንለው የሚከተለው ነው።

ከሁሉ በፊት ፍሬን። ሽቅብ የወጡበትን ማርሽ ቁልቁልም ይውረዱበት፤ ሁለተኛ ከሆነ ሁለተኛ፣ አንደኛ ከሆነ አንደኛ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ የሚንከባለል ሰው የመኪናውን ክብደት በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይጥለዋል። መጀመሪያ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፤ ቀጥሎ ፔዳሉ እየላላ ወደ ወለሉ ይሰምጣል። ፔዳሉ የሚሰምጠው ዓመታት ሳይቀየር የቆየ የፍሬን ዘይት ውሃ ስለሚስብና ሲግል ስለሚፈላ ነው። ሽታው እንደመጣ ሜዳ ቦታ ፈልጎ መቆም፣ ጎማውን በድንጋይ መደገፍና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማብረድ ያስፈልጋል። የጋለ ፍሬን ላይ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ስለሚሰነጥቀው ጨርሶ መከልከል አለበት።

ጨነቅ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ሲከዳው ባለቤቱ ተበላሸብኝ ብሎ ይደነግጣል፤ መፍትሔው ማርሽ መቀነስና አለመቸኮል ነው። አሽከርካሪውም ያው ነው። ከጎንደር ተነስቶ በአንድ ቀን ጨነቅ የሚደርስ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ሊይዘው ይችላል፤ መሪውን የሚቀበለው ደግሞ የለም። የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ ወይም ሳንቃበር ማደር፣ ራስ ምታቱ ከበረታ ደግሞ ሳይመሽ ወደ ታች መውረድ እንጂ እዚያው ማደር አይገባም። ነዳጅ ጎንደር ወይም ደባርቅ ላይ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ ማደያ አለ ብሎ መተማመን አይቻልም። የተነፋ ስኮርታ፣ የሚሠራ ክሪክና 10 ሊትር ውሃ ከመኪናው አይጥፉ።

ከአሽከርካሪው ጎን ያለው መቀመጫ ከጎብኚው ጋር ለሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ፣ ለስካውቱ፣ ይለቀቅ። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ሻንጣውንና ምግቡን እዚያ ይከምርና ስካውቱን ከኋላ ዕቃ መሃል ያስቀምጠዋል። ፊት ለፊት ከተቀመጠ ግን በየኩርባው ከገደሉ በኩል ያለውን የጎማ ጠርዝ የሚያይለት እሱ ነው፤ ዋልያውንም ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።

ስለ እንስሳቱ የሚጻፈው አጭር ግን ጥብቅ ይሁን። ጭላዳ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ከገደሉ ወደ ሣሩ ይወጣል፣ ማታ ተመልሶ ይወርዳል፤ በእነዚህ ሰዓታት መንጋው መንገድ ያቋርጣል። ሞተር አጥፍቶ መጠበቅ እንጂ ጥሩምባ መንፋት አይገባም፤ ግልገሉ ከእናቱ ይነጠላል። አውራው የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ሮዝ ድዱንና ረጃጅም ክራንቻውን ሲያሳይ ፈገግታ የሚመስላቸው ጎብኚዎች አሉ። ቀርባችኋል፣ ተመለሱ ማለቱ ነው። ምግቡ ሣር ነው። ብስኩት የለመደ ጭላዳ የመኪና መስኮት መፈተሽ ይጀምራል፤ ጣጣው ለሚቀጥለው እንግዳ ይተርፋል። ለዋልያና ለሰስ መሸሸጊያቸው ገደሉ ስለሆነ በእነሱና በገደሉ መሃል መግባት ክልክል ይሁን። ዋልያ ከዚህ ተራራ በቀር በዱር የሚገኝበት ሌላ አገር የለም። ቀይ ቀበሮም በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ይተላለፍበታልና በመኪና ውሻ ይዞ መግባት በወረቀቱ በግልጽ ይከልከል።

ከወረቀቱ ሌላ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛው ምልክት ነው፤ ጭላዳ በሚበዛበት በቡይት ራስና በሳንቃበር አካባቢ ፍጥነትን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚገድብ ሰሌዳ ቢተከል፣ ከኩርባ ራቅ ብሎም ሁለት መኪና የሚያስቆም ቦታ ቢደለደል መልካም ነው። ዛሬ ዋልያ ያየ ሰው ባለበት ይቆማል፤ ያለበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ኩርባ ነው፣ በክረምት ጭጋግ ከኋላ የሚመጣው አያየውም። ሁለተኛው፣ አሽከርካሪው ገና ጎንደር ሳለ ደውሎ የዕለቱን የመንገድና የጸጥታ ሁኔታ የሚጠይቅበት ስልክ ነው። ከጨነቅ ወደ ደባርቅ የሚመለስ መኪና ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ እንዳይነሳም በዚያው ይነገረው፤ ሲመሽ ቀበሮውም፣ ከብቱም፣ ከገበያ የሚመለሰው ሰውም መንገዱ ላይ ነው።

የወረቀቱን ጽሑፍ በአማርኛ አዘጋጅተን በነፃ ለማስረከብ፣ ከስካውቶችም ጋር ተቀምጠን ለማረም ፈቃደኞች ነን። ከመጪው የመስቀል በዓል በፊት፣ ዝናቡ አባርቶ ጎብኚ መምጣት ሳይጀምር፣ ምላሻችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በጎንደር የምንሠራ አሽከርካሪዎችና አስጎብኚዎች